ጣና ዳር ቤት ተከራይቶ መሰንበት፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ባሕር ዳር ስለምኖር በየዓመቱ ኅዳር ሲጠባ ስልኬ እነዚህኑ ጥያቄዎች ይዞ ይጠራል፤ መልሴን አንዴ ጽፌ ልገላገል።

ጣና ዳር የሚከራየው ምን ዓይነት ቤት ነው?

በአብዛኛው ሦስት ዓይነት ነው። አንደኛው ከነዕቃው የሚከራይ አፓርታማ ነው። በቀን ወይም በሳምንት ይከራያል፣ ማብሰያ አለው፣ ቁልፉም እናንተ ጋ ነው። ሁለተኛው በግቢ ያለ ሙሉ ቤት ነው። ባለቤቱ ብዙ ጊዜ ውጭ አገር ነው የሚኖረው፤ የሚያከራየው ወንድሙ ወይም ዘበኛው ነው። ሦስተኛው ፔንሲዮንና እንግዳ ማረፊያ ነው። እዚያ የምትከራዩት ክፍል ብቻ ነው፣ ምግብ ከውጭ ነው።

የእኔ መለኪያ ቀላል ነው። የምትመጡት ለሁለት ለሦስት ቀን ከሆነ ሆቴል ያዙ። ቤት የሚያዋጣው ከአምስት ቀን በላይ ስትቀመጡ፣ ልጅና አያት ስትይዙ፣ ጠዋት በፒጃማ ቡና ማፍላት ስትፈልጉ ነው። ለሁለት ቀን ቤት የተከራየ ሰው አንዱን ቀን ጨውና ዘይት ሲገዛ፣ ሲሊንደር ሲያፈላልግ ይውላል።

መቼ ብመጣ ይሻላል?

እኔን ከጠየቃችሁኝ ጥቅምት። ዝናቡ አብቅቷል፣ ሐይቁ ሞልቷል፣ ዳር ዳሩ ገና አረንጓዴ ነው፣ ጢስ ዓባይም ጉልበቱ አልደከመም። ጉዳቱ የወባ ትንኝ የሚበዛበት ወቅት መሆኑ ነው፤ ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

ጥር ድምቀቱ ሌላ ነው። ጥምቀት አለ፣ «ጥርን በባሕር ዳር» አለ፣ ሠርጉ አለ። ግን ቤት ውድ ነው፣ የሚገኘውም በግድ ነው። ጸጥታ ፈልጋችሁ ከሆነ በጥር አትምጡ፣ ከተማው ሙሉ ድግስ ቤት ነው። ከመጋቢት እስከ ግንቦት ይሞቃል፣ ውሃው ይሸሻል፣ ጭቃው ይታያል፤ ዋጋው ግን ይረግባል። ክረምቱን የሚወድ ሰውም አለ። ሐምሌ ላይ በረንዳ ተቀምጦ ዝናብ ከሐይቁ ማዶ እየተንከባለለ ሲመጣ ማየት ደስ ይላል። ልብስ ግን አይደርቅም።

ከአዲስ አበባ እንዴት ልምጣ?

በአውሮፕላን አንድ ሰዓት ገደማ ነው። ደጃዝማች በላይ ዘለቀ አውሮፕላን ማረፊያ እዚሁ ከተማው ጥግ ስለሆነ ከወረዳችሁ በኋላ ሩቅ አይደለም። በመኪና በሞጣም በደብረ ማርቆስና በእንጅባራም ይመጣል። የሞጣው ያጥራል። በሁለቱም ዓባይ በረሃን መውረድና መውጣት አይቀርም፤ ሙሉ ቀን ያዙለት። አሁን በየብስ ልምጣ የሚል ሰው ግን መጀመሪያ ከታች ስለ መንገዱ ሁኔታ የጻፍኩትን ያንብብ።

ከተማ ውስጥ ልያዝ ወይስ ወጣ ልበል?

ከልጆች ጋር ለመጀመሪያ ጊዜ የምትመጡ ከሆነ ከተማ ውስጥ። በሽምብጥ በኩል ያለው ሰፈር ለሐይቁ ቅርብ ነው፣ በእግርም ባጃጅ ይዞም ሁሉም ቦታ ይደረሳል። ዓባይ ማዶ ሰፋ ያለ ግቢ ይገኛል። በግንቦት 2016 የተመረቀው 380 ሜትሩ አዲሱ የዓባይ ድልድይ ማዶውን ቅርብ አድርጎታል። ማታ ማታ ሰው በእግሩ የሚንሸራሸርበትም ሆኗል።

ወጣ ማለት ካሰኛችሁ ዘጌ አለ። በጀልባ አንድ ሰዓት ገደማ ነው፣ በመኪናም መንገድ አለው። ዘጌ ጫካ ውስጥ ያለ መንደር ነው። ቡናው ከትልልቅ ዛፍ ሥር ይበቅላል፣ መንገዱ የእግር መንገድ ነው፣ ከጦጣ በቀር የሚረብሻችሁ የለም። ማደሪያው ግን ጥቂትና ቀላል ነው። ሰሜን ዳር ጎርጎራ አለች፤ ከጎንደር 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ናት። በገበታ ለሀገር የተሠራው ሪዞርት እዚያ ነው። ጎርጎራን ለማየት ከባሕር ዳር ደርሶ መልስ አታስቡ፤ ሐይቁን ዞሮ መሄድ ማለት ነው። ራሱን የቻለ ጉዞ ይሁን፣ ከጎንደር ጋር አያይዙት።

ማስታወቂያው «ሐይቅ ዳር» ይላል። ልመነው?

አትመኑ። እኔ የከተማው ሰው ሆኜ ተሸውጃለሁ። ሁለት ዓመት ሆኖታል፣ የእህቴ ባል ቤተሰቡን ይዞ ሊመጣ ሲል «ሐይቁ ከበረንዳው ይታያል» የተባለ ቤት ያዝኩለት። ፎቶው ያምራል፣ ውሃው ብልጭ ይላል፣ ዘንባባው ይወዛወዛል። ቀኑ ደርሶ ስንገባ በረንዳው ፊት ለፊት ያለው የጎረቤት ቆርቆሮ ነው። ፎቶው የተነሳው ከማዶ ካለው ሕንጻ ጣሪያ ላይ ኖሯል። አከራዩን ስጠይቀው «ወንበር ላይ ከቆምክ ይታያል እኮ» አለኝ። እውነቱን ነው፣ ቆሜ አየሁት፤ አንድ መሐረብ የምታህል ውሃ ታየችኝ። ባለቤቴ እስካሁን «ወንበር ላምጣልህ?» እያለች ትስቅብኛለች።

ከዚያ ወዲህ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው። በቪዲዮ ደውሉና «ስልኩን እንደያዝክ ከመኝታ ቤቱ ተነስተህ እስከ ውሃው ድረስ ተራመድልኝ» በሉ። ቤቱ እውነት ሐይቅ ዳር ከሆነ ሁለት ደቂቃ አይፈጅበትም። «ኔትወርክ የለም»፣ «ቁልፉ ሌላ ሰው ጋ ነው»፣ «ነገ ልላክልህ» ከመጣ መልሱን አገኛችሁ ማለት ነው።

አንድ ጥያቄ ጨምሩ፦ አጠገቡ ምን አለ? ባሕር ዳር ላይ «ጸጥ ያለ ሰፈር» የሚለው ቃል በሰው ይለያያል። ለአከራዩ ከሌሊቱ 9 ሰዓት የሚጀምር የቤተ ክርስቲያን ድምፅ ማጉያ ጫጫታ አይደለም፣ ተወልዶ ያደገበት ነው። ዓርብና ቅዳሜ ማታ ሐይቅ ዳር ካሉት መዝናኛዎች የሚመጣውን ሙዚቃም ላይቆጥረው ይችላል። የቤተ ክርስቲያኑን ስም፣ የመስጊዱን ርቀት፣ በቅርብ ያለውን ሆቴል ጠይቁ።

በደላላ ይሻላል ወይስ በቀጥታ?

ዘመድ ካለ በዘመድ። ዘመድ ከሌለ ከዚህ በፊት ያረፈበትን ሰው ጠይቃችሁ በቀጥታ። ደላላ ክፉ ነው ለማለት አይደለም፣ ቤቱን በደንብ የሚያውቁ አሉ። ግን በበዓል ሰሞን አንዱን ቤት ሦስት ደላላ ለሦስት ሰው ቃል የሚገባበት ጊዜ አለ። በደላላ ከሆነ ኮሚሽኑን ማን እንደሚከፍል ቀድማችሁ ተነጋገሩ፣ ከባለቤቱም ጋር በስልክ አንዴ ተገናኙ።

ቀብድ ይጠየቃል፣ ነውር የለውም። ሙሉውን አስቀድሞ መክፈል ግን አልመክርም። በባንክ ወይም በቴሌብር ላኩ፣ የተላከለት ስም የአከራዩ ስም መሆኑን አረጋግጡ። ከዚያ የተስማማችሁበትን በመልእክት ጻፉለት፦ ቀኑ፣ የሰው ብዛት፣ ዋጋው፣ ቀሪው መቼ እንደሚከፈል። «እሺ» ብሎ ከመለሰላችሁ ማስረጃ አላችሁ። መታወቂያም ሁላችሁም ያዙ። ሲገቡ መጠየቁ የተለመደ ነው።

መብራትና ውሃ እንዴት ነው?

ይጠፋሉ። ሁልጊዜ አይደለም፣ ግን ይጠፋሉ። ስለዚህ «መብራትና ውሃ አለ?» ብላችሁ አትጠይቁ፣ መልሱ ምንጊዜም «አለ» ነው። «ሲጠፋ ምን ታደርጋላችሁ?» በሉ። ሮቶ አለው? ስንት ሊትር? ፓምፑ መብራት ሲጠፋ ይሠራል? ሮቶው ጣሪያ ላይ ከሆነ መብራት ቢጠፋም ውሃው በራሱ ይወርዳል። መሬት ላይ ከሆነ ውሃው እያለ ሻወር ቤት ቆማችሁ ሳሙና እንደተቀባችሁ ትቀራላችሁ።

ማብሰያውንም እዩ። በኤሌክትሪክ ብቻ ከሆነ መብራት በጠፋ ቀን ዳቦና ሙዝ ነው ራታችሁ። ሲሊንደር ካለ ሞልቶ እንደሆነ፣ ካለቀ ማን እንደሚያስሞላ ጠይቁ። ከሰል ማንደጃ ያለው ግቢ ለእኔ አንደኛ ነው፤ ለቡናውም ለአሳውም ይሆናል።

ምን ይዤ ልምጣ?

ባትሪ፣ የስልክ ፓወር ባንክ፣ ቀላል ጃኬት። ቀን ቢሞቅም በታኅሣሥና በጥር ማታው ይበርዳል። የምትወዱት ጀበና ካለ ያዙት፤ የኪራይ ቤት ጀበና አንድም ክዳን የለውም አንድም አንገቱ ተሰብሯል። ሽሮና በርበሬ ከቤት ይምጣ፣ ሌላው ቅዳሜ ገበያ ይገኛል።

አሳ ከየት ይገዛል?

ከሐይቁ ዳር፣ በጠዋት። አሳ አጥማጆቹ ሌሊት የዘረጉትን መረብ ሰብስበው ሲመጡ ነው ምርጡ የሚገኘው። ፔሊካኖቹ ከእናንተ ቀድመው ይደርሳሉ፣ የሚጣልላቸውን አንጀት እየጠበቁ እንደ ተቆጣጣሪ ይንጎራደዳሉ። የሚወጣው በብዛት ሦስት ዓይነት ነው። ቆሮሶ ሥጋው ነጭና ለስላሳ ነው፣ ለመጥበስ እሱን ያዙ። አምባዛ ቅርፊት የለውም፣ ወፍራምና ቅባታም ነው፣ ለወጥ ይሆናል። ነጭ አሳ የሚባለው ጣዕሙ ጥሩ ነው ግን እሾኻም ነው፤ ለልጅ አትስጡ።

አይኑ የጠራ፣ ስንጥቡ ቀይ፣ ሲጫኑት ሥጋው የሚመለስ ይሁን። እዚያው ጠርገው ይሰጧችኋል፣ ትንሽ ብር ይጨመርላቸዋል። አንዱ ልጅ ቆሮሶ ሲያጸዳ ቆሜ አይቼ ገርሞኛል። በግራ እጁ ጅራቱን ይይዛል፣ ቢላዋውን ከጅራት ወደ ራስ ሦስት ጊዜ ሳብ ያደርጋል፣ ቅርፊቱ እንደ በረዶ ይረጫል፣ ከዚያ ሆዱን በአንድ ስንጥቅ። ደቂቃ አልሞላም። እኔ ቤት ስሞክረው ቅርፊቱ የግድግዳ ሰዓት ላይ ተለጥፎ ተገኘ። በጾም አሳ ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር ለየንስሐ አባታችሁ ትቼዋለሁ።

ልጆቼ ሐይቁ ውስጥ ይዋኙ?

አይዋኙ። የአካባቢው ልጆች ሲዋኙ ታያላችሁ፣ «እነሱስ?» ይሏችኋል። ጣና ውስጥ ቢልሃርዝያ አለ። ትሉ ዳር ዳር ባለ ውሃ ውስጥ ከሚኖሩ ቀንድ አውጣዎች ወጥቶ በቆዳ በኩል ይገባል። ለመግባት ቁስል አያስፈልገውም፣ እግር መንከር ይበቃዋል። ምልክቱ ብዙ ጊዜ ወዲያው አይታይም፣ ከሳምንታት በኋላ ነው የሚመጣው። ውሃው ገብታችሁ ከነበረ ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ቆይታችሁ ተመርመሩ። ፕራዚኳንቴል የሚባል መድኃኒት አለው፣ ይድናል።

ሁለተኛው ምክንያት ጉማሬ ነው። ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት በደብረ ማርያም በኩል ይታያሉ። ከጀልባ ላይ ጆሮና አፍንጫቸውን ማየት ደስ ይላል። ማታ ግን ሣር ሊግጡ ወደ ደረቅ ይወጣሉ። በውሃውና በእነሱ መካከል የቆመ ሰው አይወዱም። ጨለማ ውስጥ በዳርቻው ሣር መሀል አትንሸራሸሩ። መዋኘት ያማራቸው ልጆች ካሉ የመዋኛ ገንዳ ያላቸው ሆቴሎች አሉ፣ ከፍሎ መግባት ይቻላል።

ወባስ? ባሕር ዳር ደጋ አይደለም እንዴ?

ደጋ አይደለም። ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ነው፣ ወባ አለ። በተለይ ክረምቱ ሲወጣ፣ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ይጠናል። የምትከራዩት ቤት አጎበር ይኑረው፣ ያልተቀደደ መሆኑንም እዩ። ሲመሽ ረጅም እጅጌ ልበሱ፣ መስኮቱን ከ12 ሰዓት በፊት ዝጉ። ወደ ቤታችሁ ከተመለሳችሁ በኋላ ትኩሳት ከመጣ «ድካም ነው» አትበሉ። በዚያው ቀን ተመርመሩ፣ ባሕር ዳር እንደነበራችሁም ለሐኪሙ ንገሩት። ነፍሰ ጡርና ትንንሽ ልጆች ካሉ ከመምጣታችሁ በፊት ሐኪም ማማከር ይገባል።

ጀልባ እንዴት ይያዛል? ስንት ደሴት ልይ?

ጣና ላይ 37 ደሴቶች አሉ ይባላል። ባለጀልባው አምስቱን በአንድ ቀን አሳያችኋለሁ ይላል፤ እናንተ ሁለት በሉት። ዋጋው ለሰው ነው ወይስ ለጀልባው? ነዳጁ ገብቷል? ስንት ሰዓት ይጠብቃል? እያንዳንዱ ሰው የሕይወት አድን ጃኬት አለው? እነዚህን ከመሳፈራችሁ በፊት ጨርሱ። የገዳማቱ መግቢያ ለብቻው ነው የሚከፈለው፣ ዝርዝር ብር ያዙ።

በጠዋት ውጡ። ከሰዓት በኋላ ንፋስ ይነሳል፣ ጠዋት እንደ መስታወት የነበረው ሐይቅ ይታወካል። አንዴ እናቴን ይዤ ናርጋ ሥላሴ ሄድን። ደቅ ደሴት ላይ ያለ፣ እቴጌ ምንትዋብ ያሠሩት ነው፣ ሥዕሉ ያፈዛል። ፈዘን ቀረንና ስንመለስ 9 ሰዓት አለፈ። መሀል ላይ ማዕበሉ ጀልባዋን ያነሳ ያፈርጣት ጀመር። እናቴ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ እዚያው ለሥላሴ አርባ ሻማ ተሳለች። ሻማውን የገዛሁት እኔ ነኝ።

ጊዜ ከሌላችሁ ዘጌ ያለው ዑራ ኪዳነ ምሕረት ይበቃችኋል። ክቡ ቤተ ክርስቲያን፣ ከጣሪያ እስከ ወለል የተሣለው የመቅደስ ግድግዳ፣ ከወደቡ እስከዚያ ያለው የቡና ጫካ፣ ሁሉም በግማሽ ቀን ያልቃል። መንገድ ላይ ደንገል ጭና የምትንሳፈፍ ታንኳ ካያችሁ ባለጀልባው ፍጥነት እንዲቀንስ ንገሩት፣ የእናንተ ሞገድ እሷን ያናውጻታል። ታንኳዋ ራሷ ከደንገል የታሰረች ናት። ደንገሉ ውሃ እየጠጣ ስለሚከብድ በየጊዜው አዲስ ይሠራል፤ በዚህ ሙያ የሚታወቁት የነገደ ወይጦ ሰዎች ናቸው።

ሴቶች ሁሉም ገዳም ይገባሉ?

አይገቡም። ክብራን ገብርኤልና ዳጋ እስጢፋኖስ ለወንድ ብቻ ናቸው። ዳጋ የነገሥታት አጽም ያለበት ነው፣ ማየት የሚፈልግ ብዙ ነው፤ ግን ሕጉ ሕግ ነው፣ በር ላይ መከራከር አያዋጣም። ቤተሰብ ሆናችሁ ስትወጡ እናትና ሴት ልጆች ጀልባ ላይ ፀሐይ እየመታቸው አባት ሲጎበኝ እንዳይውል ቀድማችሁ አስቡት። ዑራ ኪዳነ ምሕረት፣ አዝዋ ማርያም፣ ናርጋ ሥላሴ፣ እንጦስ ኢየሱስ ሁላችሁም ትገባላችሁ። ጫማ ይወልቃል፣ ነጠላ ይያዝ፣ ቁምጣ ለብሶ መሄድ አይሆንም።

ጢስ ዓባይ ውሃ አለው ወይስ ደርቋል?

እንደ ወቅቱ ነው። ከባሕር ዳር 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ወንዙ ለኤሌክትሪክ ማመንጫ ስለሚጠለፍ በበጋ ፏፏቴው ቀጭን ክር ሆኖ የሚቀርበት ጊዜ አለ። ከነሐሴ እስከ ጥቅምት ግን ስሙን ያስጠራል፣ ጢሱ ከሩቅ ይታያል። በሚያዝያ መጥታችሁ «አያቴ የነገረችኝ ይሄ ነው?» እንዳትሉ፣ በዚያ ሳምንት አይቶ የመጣ ሰው ጠይቁ።

ዘጌ ሰው ቤት ባድር ምን ልጠንቀቅ?

ዘጌ የገዳም አገር ነው። በሬ ጠምዶ ማረስ በእምነት የተከለከለ ነው፤ ክልከላውን ከአቡነ በትረ ማርያም ጋር ያያይዙታል። ጫካው እስካሁን የቆመው በዚህ ነው፣ ሰውም የሚኖረው በቡና፣ በጌሾና በፍራፍሬ ነው። ስለዚህ ቅርንጫፍ አትስበሩ፣ የቡና ፍሬ እየቀነጠባችሁ አትለፉ። የምትረግጡት ጫካ የአንድ ሰው ጓሮ ነው። በ2007 ዩኔስኮ የጣናን አካባቢ በባዮስፌርነት ሲመዘግበው ለዘጌ ሰው ጫካ መጠበቅ አዲስ ነገር አልነበረም።

ቡና ተጠርታችሁ እስከ ሦስተኛው ብትቆዩ ደስ ይላቸዋል። ስኳርና ሳሙና ይዞ መሄድ ከብር በላይ ያስመሰግናል። እናቶችን «እማማ»፣ ካህኑን «አባ» በሉ፣ መስቀል ተሳለሙ። ሰው ከመቅረጻችሁ በፊት ጠይቁ። ምግብ ደግሞ መስኮት ላይ አታስቀምጡ፣ ጦጣዎቹ ከእናንተ በላይ ቤቱን ያውቁታል።

እምቦጭ ሐይቁን ወርሶታል ይባላል። የምናየው አረም ነው?

ባሕር ዳር ላይ ሆናችሁ የምታዩት በአብዛኛው ውሃ ነው። እምቦጭ በ2004 ገደማ መታየት የጀመረው በሰሜን ምሥራቁ ዳር ነው። የከፋውም በደንቢያ፣ በጎንደር ዙሪያ፣ በሊቦ ከምከምና በፎገራ በኩል ነው። ንፋስ ስለሚገፋው ግን አንድ ቦታ አይረጋም። ሐምራዊ አበባው ያምራል። ልጆች ቆርጠው ወደ ቤት እንዳይወስዱት፣ ወደ ሌላ ውሃም እንዳይጥሉት ንገሯቸው፤ ከቁራጭ ይባዛል።

መንገዱ ሰላም ነው? መምጣት ይቻላል?

ብዙ የሚጠየቀው ይሄ ነው፣ ለመመለስ የሚከብደኝም ይሄ ነው። ከ2015 ክረምት ወዲህ በአማራ ክልል በግጭቱ ምክንያት መንገድ የሚዘጋበት፣ የባጃጅ እንቅስቃሴ የሚገደብበት፣ ኢንተርኔት የሚቋረጥበት ጊዜ ነበር። ከተማው ውስጥ ሕይወት ይቀጥላል፣ ሰው ይሠራል፣ ይዳራል፣ ሐይቅ ዳር ቡና ይጠጣል። ከከተማ መውጣት ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ዛሬ የጻፍኩት ለሚቀጥለው ሳምንት አይሠራም።

የምለው እንዲህ ነው። ከመምጣታችሁ ሦስት ቀን ቀደም ብላችሁ ባሕር ዳር ለሚኖር ሁለት ሰው ደውሉ፤ አንዱ አከራዩ አይሁን፣ እሱ ቤቱን ማከራየት ይፈልጋል። በአውሮፕላን መምጣት ከቻላችሁ በአውሮፕላን። ጢስ ዓባይና ዘጌ በመኪና ከመሄዳችሁ በፊት በዚያው ጠዋት ጠይቁ፣ ሹፌሩ ቅር ካለው አትጎትጉቱት። ሳይመሽ ግቡ። ጥሬ ብር ያዙ፣ ኔትወርክ ሲጠፋ ቴሌብር አይከፍልም። ውጭ አገር ዜግነት ያላችሁ ደግሞ የኤምባሲያችሁን ማሳሰቢያ አንብቡ፣ የጉዞ ኢንሹራንሳችሁ ክልሉን ይሸፍን እንደሆነም እዩ።

መንገድ ተዘግቶ ባልመጣ ቀብዴ ይመለሳል?

ካልተነጋገራችሁበት አይመለስም። ብዙ አከራይ በልማድ ቀብዱን ያስቀራል። ስለዚህ ቀብድ ከመላካችሁ በፊት በመልእክት እንዲህ በሉት፦ «በረራ ከተሰረዘ ወይም መንገድ ከተዘጋ ቀኑን እናዛውራለን፣ ቀብዱ ይያዝልኝ።» ብር መልስ ከሚለው ይልቅ ቀን አዛውር የሚለውን ቶሎ ይቀበላሉ። ብሩ ምናልባት ለቀለም ወጥቷል፤ ቀኑ ግን አለ።

የተገላቢጦሽም ያጋጥማል። እናንተ መጥታችሁ ቤቱ ለሌላ ሰው ተሰጥቶ ይቆያችኋል፣ በተለይ በጥምቀት። ከመነሳታችሁ በፊት ማታ ደውላችሁ ቁልፉ ማን ጋ እንዳለ፣ ያ ሰው በዚያ ሰዓት የት እንደሚሆን ጠይቁ። በወር 23 ቀን የደረሱ እንግዶቼ ግቢው በር ላይ ሻንጣቸው ላይ ተቀምጠው ሦስት ሰዓት ጠብቀዋል። ቁልፉ ዘበኛው ጋ ነበር፣ ዘበኛው የጊዮርጊስ ማኅበር ላይ ነበር፣ ስልኩ ደግሞ ቤት ቻርጅ ላይ ነበር። ሲመጣ ግን ከማኅበሩ ድፎ ዳቦና አንድ ጆግ ጠላ ይዞላቸው መጣ። የዚያን ዓመት ጉዟቸውን ሲያወሩ የሚያነሱት እስካሁን ዳቦውን ነው።